ከአዲስ አበባ እስከ አል ዐይን፦ የሳምንታት የእግር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ባኒያስ፦ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በሼክ ዛይድ ቢን ኸሊፋ አል ናህያን ዘመን የተገነባው የአል ጃሂሊ ምሽግ ዛሬ በአል ዐይን ከሚጎበኙ ቅርሶች አንዱ ነው። በምሽጉ ውስጥ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች የተሞላ አንድ ዐውደ ርዕይ ይገኛል። ፎቶግራፎቹ ከነዳጅ ዘመን በፊት የነበረችውን ምድር ያሳያሉ፤ ግመሎችን፣ የውኃ ጉድጓዶችን፣ በባዶ እግራቸው አሸዋ የሚያቋርጡ ወጣቶችን። ያነሣቸው እንግሊዛዊው መንገደኛ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ሲሆን የበረሃ ጓደኞቹ «ሙባረክ ቢን ለንደን»፣ ማለትም «የለንደን ልጅ ሙባረክ» ብለው ይጠሩት ነበር። የለንደን ልጅ ይባል እንጂ የተወለደው በለንደን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1910 በአዲስ አበባ፣ አባቱ በሚያገለግሉበት የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነበር የተወለደው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።)

የቴሲጀር ጉዞዎች ብዙውን ጊዜ የሚታወሱት በድፍረታቸው ነው። በአፋር ምድርና በዐረቢያ በረሃ የሄደባቸውን መንገዶች በጥሞና ለሚከታተል ሰው ግን ከድፍረቱ ይልቅ ዝግጅቱ ጎልቶ ይታየዋል። ሳምንታትን የሚፈጅ የእግር ጉዞ ምን ይጠይቃል? ዛሬ ጥያቄው ሲነሣ ብዙዎች በቅድሚያ የሚያስቡት ስለ ጫማ፣ ስለ ቦርሳና ስለ ድንኳን ነው። የበረሃው ተሞክሮ ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። በመጀመሪያ የማን ምድር እንደሚታለፍና ማን እንደሚፈቅድ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ከማን ጋር እንደሚኬድ፤ ከዚያም ውኃው የት እንዳለና ወቅቱ መቼ እንደሆነ። ጫማ የመጨረሻው ጉዳይ ነው።

በአዋሽ ወንዝ ተከትሎ

ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ላይ እንዲገኝ ተጋብዞ ነበር። ከበዓሉ በኋላ ለአደን ወደ አዋሽ ሸለቆ ወረደ። በዚያም አንድ ጥያቄ በልቡ ቀረ፦ ከደጋው የሚነሣውና ባሕር የማይደርሰው የአዋሽ ወንዝ የት ገብቶ ያልቃል? መልሱን ለማግኘት በአፋር በረሃ ውስጥ ለወራት መጓዝ ያስፈልግ ነበር። ከእርሱ በፊት ወደዚያ ምድር የገቡት የሙንዚንገር (1875)፣ የጁሊዬቲ (1881) እና የቢያንኪ (1884) ቡድኖች በሰይፍ አልቀዋል። ሦስቱም መሣሪያና ስንቅ አልጎደላቸውም ነበር፤ የጎደላቸው የምድሩ ባለቤቶች ይሁንታ ነበር።

በታኅሣሥ 1933 ወደ 40 ከሚጠጉ ሰዎችና ከግመሎች ጋር ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ። ጉዞው ገና ብዙ ሳይርቅ አካባቢው አስጊ ነው በሚል መንግሥት ፈቃዱን ሰርዞ መለሰው። የ23 ዓመቱ ወጣት ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ሳምንታትን በደጅ ጥናት አሳለፈ። በጊዜው የጨርጨር ገዥ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጉዳዩን ካገዙለት መካከል ነበሩ። ሁለተኛው ፈቃድ ሲገኝ ከወረቀት የበለጠ ነገር አብሮት መጣ፤ በመዲናዪቱ ተይዘው የቆዩ አንድ የአፋር አዛውንት መሪ ተለቀው ወደ ምድራቸው አብረውት ተመለሱ። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም እስከ ደጋው ጫፍ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚሠራው የአዛውንቱ ቃል ነበር።

በመጨረሻም የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን፣ በጦረኞቻቸው ተከበው ተቀበሉት። ሱልጣኑ ሰው የላካቸው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግና በየት በኩል ሊወጣ እንዳሰበ ጠየቁ፤ መልሱን ሰምተውም እንዲያልፍ ፈቀዱ። ቴሲጀር አዋሽ በአብሄ ሐይቅ እንደሚያልቅ አይቶ በግንቦት 1934 ከታጁራ ወደብ ደረሰ። የስድስት ወር ያህል ጉዞ ነበር። ከዚህም ውስጥ ሳምንታቱ በእግር ሳይሆን በፈቃድ ጥበቃ ያለፉ ናቸው። ያ ጊዜ ግን የባከነ አልነበረም፤ ዝግጅቱ እርሱ ነበርና።

ከደሴ ወደ ሩብ አል ኻሊ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ቴሲጀር የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የፖለቲካ አማካሪ ሆኖ በደሴ ተቀምጦ ነበር። ሥራውን ትቶ በአዲስ አበባ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1945 ከአንድ የአንበጣ መከላከያ ድርጅት ኃላፊ ጋር ተገናኘ። ኃላፊው የበረሃ አንበጣ በደቡብ ዐረቢያ ይራባ እንደሆነ የሚመረምር ሰው ይፈልጉ ነበር። ቴሲጀር ስለ አንበጣ ብዙ እውቀት አልነበረውም፤ ሩብ አል ኻሊን፣ ማለትም «ባዶውን ሩብ»፣ ለማየት ግን ይመኝ ነበርና ወዲያው ተቀበለ። በአቡ ዳቢ ያበቃው የታላቁ በረሃ ጉዞ ሐሳብ እንግዲህ የተወጠነው በአዲስ አበባ ነው።

በረሃውን ያቋረጠ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እርሱ አልነበረም። በርትራም ቶማስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1930 ከሰላላ ተነሥቶ በየካቲት 1931 ዶሃ ደርሷል፤ በተከታዩ ዓመትም ፊልቢ በሌላ አቅጣጫ ተጉዟል። ቴሲጀርን የሚለየው ሁለት ጊዜ ማቋረጡና ከበደዊኖቹ ያልተለየ ኑሮ እየኖረ መሄዱ ነው፤ እነርሱ በባዶ እግር ሲሄዱ በባዶ እግሩ ሄደ፤ የጠጡትን ጠጣ፤ ሲራቡም ተራበ።

የውኃ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያው ጉዞ ሲጀመር አብረውት የወጡት ብዙ ነበሩ። ወደ ከባዱ አሸዋ ሲቃረቡ አብዛኞቹ ተመለሱና አራት ብቻ ቀሩ። ከአራቱ ሁለቱ ከራሺድ ጎሣ ነበሩ፤ መንገዱን የሚያውቀው መሐመድ አል አውፍና ገና ወጣት የነበረው ሳሊም ቢን ካቢና። ከፊታቸው የተዘረጋው ከአንድ ጉድጓድ ወደ ሌላው የ14 ቀን መንገድ ነበር። በመካከሉ እንደ ተራራ የቆሙ የአሸዋ ኮረብታዎች አሉ፤ ግመል እየተጎተተ እንጂ እየተጋለበ አይወጣቸውም።

እንዲህ ያለ ጉዞ የሚታቀደው ከመድረሻው ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። የሚቀጥለው ጉድጓድ ስንት ቀን ይርቃል? ስንት ሰው አለ? የፍየል ቆዳው ስልቻ ስንት ይይዛል፤ ከዚያስ ስንቱ በትነትና በመንጠባጠብ ያልቃል? የቀረው ለየቀኑ ሲካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ምን ያህል ነው? ውኃው በየምሽቱ እየተለካ ይታደል ነበር፤ ከድርሻው በላይ የሚጠጣ አልነበረም። ወቅቱም የሒሳቡ አካል ነበር። በክረምት ብርድ፣ ትኩስ ግጦሽ ያገኘ ግመል ውኃ ሳይጠጣ ለብዙ ቀናት ይቆያል፤ በበጋ ግን ያው መንገድ፣ ያው ስልቻ፣ ያው ግመል ወደ ሞት ያደርሳሉ። ስለዚህም ትልልቆቹ ጉዞዎች በአብዛኛው በክረምት ወራት የተያዙ ናቸው።

የዛሬው ተጓዥም ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ከአቡ ዳቢ እስከ አል ዐይን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እንበል፤ በቀን 20 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው ስምንት ቀን ይፈጅበታል። በቀን አምስት ሊትር ቢጠጣ 40 ኪሎ ውኃ ያስፈልገዋል። ምግብ፣ መኝታና ልብስ ሳይጨመሩ ይህ ሸክም ብቻውን አብዛኛውን ሰው ከመንገድ ያስቀራል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ውኃ እሸከማለሁ?» መሆኑ ያበቃና «በየስንት ኪሎ ሜትሩ ውኃ አገኛለሁ? የሚያቀብለኝስ ማን ነው?» ወደሚለው ይዞራል። የውኃው ጥያቄ በመጨረሻ የሰው ጥያቄ ይሆናል።

ከመንገዱ በፊት ባልንጀራውን

ዐረቦች «ከመንገዱ በፊት ባልንጀራውን» ይላሉ። በቀድሞው በረሃ ይህ ምክር ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ሥርዓት ነበር። በአንድ ጎሣ ምድር የሚያልፍ መንገደኛ ከዚያው ጎሣ የሆነ «ረፊቅ» ማግኘት ነበረበት። ረፊቁ አብሮ በመሄዱ ብቻ እንግዳው በጎሣው ጥላ ሥር ይሆናል፤ እንግዳውን የነካ ረፊቁን እንደ ነካ ይቆጠራል። በኢስላማዊው የጉዞ ሥርዓትም ሦስት ሰዎች አብረው ሲወጡ ከመካከላቸው አንዱን መሪ አድርገው መምረጣቸው የታወቀ ነው። ዓላማው አንድ ነው፤ ክርክር ውኃ በሚያስጨርስበት ቦታ ላይ ማን እንደሚወስን ከወዲሁ መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው ጉዞ የዚህን ሥርዓት ጥቅምም ጉድለቱንም አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 1948 ቴሲጀር ከሐድረመውት ማንዋኽ ጉድጓድ ተነሣ። ከራሺድ ወጣቶች በተጨማሪ ከሰዓር ጎሣ የሆኑ ሁለት መንገድ መሪዎች ነበሩት። ውኃ በሌለበት 16 ቀን ተጉዘው ወደ ሳዑዲ ምድር ደረሱ። የበረሃው ሒሳብ በትክክል ሠርቶ ነበር። አንድ ነገር ግን ጎድሎ ነበር፤ ቴሲጀር ከንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሏል፤ ተከልክሎም ሄዷል። ሱለይል በምትባለው ከተማ ከነጓደኞቹ ተያዘ። የተለቀቁት ፊልቢ ከንጉሡ ዘንድ ስለማለደላቸው ነው።

የፈቃድ እጦት መዘዝ በዚያ አላበቃም። በቀጣዩ መንገድ አብሮ የሚሄድ መሪ ማግኘት ስላልቻለ ቴሲጀር በኮምፓስና በፊልቢ ካርታ ብቻ ቡድኑን ወደ ጀብሪን መራ። ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡት እርሱን አምነው የተከተሉት የራሺድ ልጆች ነበሩ፤ የሚያልፉበት ምድር ጎሣዎች ከእነርሱ ጎሣ ጋር ደም የተቃቡ ነበሩና። የጉዞ ዕቅድ ሲወጣ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ አቃጁ የሚደፍረው በራሱ ነፍስ ብቻ ሳይሆን አብሮት በሚሄደው ሰው ነፍስ ጭምር ነው።

በመቅጠዕ ተሻግሮ

በመጋቢት 1948 ቡድኑ ወደ አቡ ዳቢ ተቃረበ። ያን ጊዜ ደሴቲቱን ከየብስ የሚያገናኝ ድልድይ አልነበረም፤ መንገደኛ በመቅጠዕ መጠበቂያ ግንብ አጠገብ ቆሞ የባሕሩ ውኃ እስኪሸሽ ይጠብቅና በእግሩ ይሻገር ነበር። ግንቡ ዛሬም በድልድዮቹ ሥር ቆሞ ይታያል። የከተማዪቱ ታሪክም ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው፤ የበኒ ያስ ጎሣዎች በ1761 በደሴቲቱ የሚጠጣ ውኃ ካገኙ በኋላ መስፈር እንደ ጀመሩ ይነገራል። የባኒያስ ሰፈርም ስሙን የወሰደው ከእነዚሁ ጎሣዎች ነው።

በዘመኑ የአቡ ዳቢ ገዥ የነበሩት ሼክ ሸኽቡጥ ቢን ሱልጣን እንግዶቹን ተቀብለው አስተናገዱ። ከዚያ ቴሲጀር ወደ ቡረይሚ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ዛሬው አል ዐይን ተጓዘ። በሙወይጂ ምሽግ የተቀበሉት ከ1946 ጀምሮ የአካባቢው አስተዳዳሪ የነበሩት፣ ኋላም የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ መሥራችና የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሙወይጂ፣ ልጃቸው ሼክ ኸሊፋ ተወልደዋል። ቴሲጀር በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ ሊዋና ወደ ዑማን በረሃዎች ሲወጣ ሙወይጂ ዋና መነሻው ሆነ። በሼክ ዛይድ እንግድነት የተቀበሉት ሰው መሆኑ በአካባቢው ብዙ በር ከፍቶለታል።

ከባሕሩ ዳርቻ ወደ አል ዐይን የሚወስደው ይህ መንገድ ለእንግዳ ብቻ የተከፈተ አልነበረም። የባሕር ዳርቻው ነዋሪዎች በየበጋው ሙቀትና ወበቁን ሸሽተው ወደ ሊዋና ወደ አል ዐይን የተምር እርሻዎች ይጓዙ ነበር። ሴቶች፣ ልጆች፣ አረጋውያን፣ ከብቶች ሁሉ በአንድ ቅፍለት ይሄዳሉ። ማረፊያው፣ ጉድጓዱ፣ የመነሻው ቀን በልምድ የታወቀ ነበር። መድረሻውም ዝናብ የማይጠብቅ ምድር ነበር፤ ፈለጅ የሚባሉት የመሬት ውስጥ የውኃ ቦዮች በአካባቢው ከ3,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሲሠሩ ኖረዋል። የአል ዐይን ቅርሶች በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡም እነዚሁ ቦዮችና የተምር እርሻዎቹ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ።

የዘመናችን ተጓዦች

ያ መንገድ ፈጽሞ አልተረሳም። እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዛዊው ኤድሪያን ሄይስ ከሁለት ኤምሬታውያን ጋር ከሰላላ እስከ አቡ ዳቢ በ44 ቀን ተጉዟል። በታኅሣሥ 2015 ደግሞ ማርክ ኤቫንስና ሁለት ዑማናውያን ባልደረቦቹ የቶማስን ፈለግ ተከትለው ከሰላላ ተነሡና በ49 ቀን ዶሃ ገቡ። የሳተላይት ስልክና ደጋፊ መኪና ባለበት ዘመን እንኳ ሁለቱ ቡድኖች ከሁሉ አስቀድመው ያሟሉት የአገሮቹን ፈቃድና የበረሃውን ልጆች ጓደኝነት ነበር። ከ2015 ጀምሮም የተለያየ አገር ዜጋ የሆኑ ሴቶች በክረምት ወራት የቀድሞውን የበጋ ስደት መንገድ እያስታወሱ በአል ዐይንና በአቡ ዳቢ መካከል በአምስት ቀን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራመዱበት የቅርስ ጉዞ ተካሂዷል። የተጓዦቹ ድንኳን፣ ውኃና ምግብ በመኪና ይቀርብላቸዋል። በበረሃ ይህ ድክመት አይደለም፤ የዛሬው ዘመን ጉድጓድ መኪናው ነው።

የረጅም የእግር ጉዞ ባህል እጅግ በተስፋፋባት በእንግሊዝ አገርም የፈቃዱ ጥያቄ ቀዳሚ ሆኖ ይገኛል። የአገሪቱን ሰሜናዊ ሸንተረር ተከትሎ 431 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀውን «ፔናይን ዌይ» የተባለ መንገድ ቶም ስቲቨንሰን የተባለ ጋዜጠኛ በ1935 ሐሳብ አድርጎ አቀረበ። መንገዱ የተከፈተው ግን በሚያዝያ 1965 ነው። ሠላሳው ዓመት ድንጋይ በመፍለጥ አላለፈም፤ ከባለርስቶች ጋር በመደራደርና የመተላለፍን መብት በማስከበር እንጂ። ለዚህም በ1949 የወጣው የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ መሠረት ሆኗል። አልፍሬድ ዌይንራይት በ1973 ያስተዋወቀው ከባሕር እስከ ባሕር የሚያቋርጥ የ300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም አለ፤ ብዙዎች በሁለት ሳምንት ይጨርሱታል። በዚያ አገር ምንጭና ማረፊያ መንደር ቅርብ ለቅርብ ነው፤ የሚያስቸግረው ዝናቡና ጭቃው ነው። በዐረቢያ ረፊቁ የሚሰጠውን ከለላ በእንግሊዝ ሕጉና በየመስቀለኛው የተተከለው አመልካች ሰሌዳ ይሰጡታል። መልኩ ቢለያይም ጉዳዩ ያው ነው፦ መንገደኛው በሰው ምድር ላይ የሚራመድ እንግዳ ነው።

በአገራችን መንገዶች

ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። በባሌ ወደሚገኘው ድሬ ሼክ ሑሴን የሚሄዱ ዘያሪዎች ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌሎችም አካባቢዎች ለቀናትና ለሳምንታት በእግር ሲጓዙ ኖረዋል። በእጃቸው የሚይዙት ጫፉ ሹካ የሆነ በትር የመንገደኛነታቸው ምልክት ነው። በትሩን ያየ ባለቤት እንግዳው ወዴት እንደሚሄድ አይጠይቅም፤ ውኃ፣ ማደሪያና የሚቀመስ ነገር ያቀርባል። በወሎም ወደ ጀማ ንጉሥና ወደ ሌሎች የታወቁ የዕውቀት ማዕከላት ለመውሊድ የሚሄደው ሕዝብ በየመንደሩ የሚያድርበትና የሚበላበት ቤት ያውቃል። የሼክ ሑሴን ዘያሪ ካርታ አይዘረጋም፤ ዕቅዱ በመንገዱ ዳር በሚኖሩ ሰዎች ልማድ ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጦለታል። ፈቃድ፣ ባልንጀራ፣ ውኃና ወቅት አራቱም ተሟልተዋል።

እነዚህ አራቱ ሲጎድሉ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። ከዘጠና ዓመት በፊት ቴሲጀር በሱልጣኑ ይሁንታ ባለፈበት በዚያው አቅጣጫ ዛሬ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ የሚነሡ ወጣቶች በደላሎች ተመርተው ወደ ጅቡቲ ይወርዳሉ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ አካባቢ አልፈው፣ በታጁራ በኩል ወደ ኦቦክ ይራመዳሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም እንደገና በእግር ወደ ሰሜን። ፈቃድ የላቸውም፤ መሪያቸው በክፍያ የተገዛ እንጂ ባልንጀራ አይደለም፤ ከኋላ የቀረውን አይጠብቅም። ወቅቱን የሚመርጠው ደላላው ነው። ውኃውም በአንድ ሰው እጅ ላይ ባለች ጠርሙስ የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኦቦክ አቅራቢያ በጎዶሪያ ጠረፍ አንድ ጀልባ ሰምጦ ቢያንስ 38 ሰዎች ሞተዋል። በየብሱ ላይ በጥም የወደቁት ደግሞ ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ አልተመዘገበም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህን ከዜና ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ ዘመድ ወይም የመንደር ልጅ በዚያ መንገድ ያለፈበት ብዙ ነው። «እኔም ልምጣ» ብሎ ከአገር ቤት ለሚደውል ታናሽ ወንድም የሚሰጠው መልስ ከዚህ እውቀት መነሣት ይገባዋል፤ የበረሃው ሒሳብ ለወጣትነት ጉልበት የተለየ አይሠራምና።

በባኒያስ ለሚኖር ተጓዥ

በሕጋዊ መንገድና በፍላጎቱ ረጅም የእግር ጉዞ ማድረግ የሚሻ ሰው ከላይ ከተባለው የሚወስደው ተግባራዊ ትምህርት አለው።

የመጀመሪያው ወቅት ነው። በዚህ አገር ለእግር ጉዞ ምቹ የሚባለው ከኅዳር እስከ መጋቢት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው። በበጋ ቀትር ላይ ከቤት ውጭ መሥራት በሕግ የተከለከለው ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት (እንደ እኛ አቆጣጠር) መሆኑን ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ለሥራ የተከለከለ ፀሐይ ለመዝናኛም አይሆንም። በክረምትም ቢሆን ዝናብ ሲጥል በጀበል ሐፊትና በሐጀር ተራሮች ግርጌ ያሉ ሸለቆዎች በድንገት በጎርፍ ይሞላሉና በወንዝ መውረጃ ውስጥ አይታደርም።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ሳምንታት የሚፈጅ ጉዞ ለማድረግ ዓመታዊ ፈቃድን መሠዋት ይጠይቃል፤ አብዛኛው ሰው ግን ያን ፈቃድ ለቤተሰብ ጥየቃ ያስቀምጠዋል። መፍትሔው መንገዱን ከፋፍሎ መሄድ ነው። በእንግሊዝ አገርም ብዙዎች ረጅሞቹን መንገዶች በየዕረፍት ቀናቸው እየቆራረጡ በዓመታት ይጨርሷቸዋል። በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ያለው ሰው በአንድ ክረምት ከአቡ ዳቢ እስከ አል ዐይን ያለውን ርቀት ያህል በምሽቱ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ሊራመድ ይችላል።

ሦስተኛው ሰውነትን ማልመድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን የሚራመድ ሰው በሁለተኛው ቀን የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ ድካም ሳይሆን እግሩ ላይ የቋጠረው ውኃ ነው። ስለዚህ አዲስ ጫማ ለጉዞ አይደረግም፤ ከሳምንታት በፊት ተለብሶ እግር ሊያውቀው ይገባል። ከመነሻው ሁለት ወር በፊት ከመግሪብ በኋላ በየሰፈሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር መራመድ ተጀምሮ፣ በየሳምንቱ ርቀቱና ሸክሙ በጥቂቱ ቢጨመር ይመከራል።

አራተኛው ውኃና ሶላት ነው። ሁለቱን አብሮ ማንሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለውዱእ የሚሆነው ለየብቻው ሊታሰብ ይገባል፤ ውኃው ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነም ሸሪዓው በተየሙም ማግራራቱን ተጓዥ ያውቃል። ቀስርና ጀምዕም ለመንገደኛ የተሰጡ ማቅለያዎች ስለሆኑ የቀኑን የጉዞ ክፍፍል በእነርሱ ላይ መመሥረት ይቻላል። ከፈጅር በኋላ ተነሥቶ እስከ ረፋድ መራመድ፣ ቀትርን በጥላ ማሳለፍ፣ ከዐስር ወዲያ እንደገና መነሣት፤ የቀድሞዎቹ ቅፍለቶችም የሄዱት በዚሁ ልክ ነው።

አምስተኛው ፈቃድ ነው። በጥብቅ ክልሎች፣ በግል እርሻዎች፣ በነዳጅ ተቋማትና በድንበር አካባቢዎች እንዳሻ መግባት አይቻልም። አል ዐይን ከዑማን ጋር የምትዋሰን ከተማ ስለሆነች የድንበሩ ነገር በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። ለዚህ ሁሉ የተሻለው መፍትሔ የመንገዱን ፈቃድ አስቀድሞ ካሟላ፣ ከታወቀ የተጓዦች ቡድን ጋር መውጣት ነው።

የመጨረሻው ባልንጀራ ነው። በረሃ ውስጥ ስልክ ኔትወርክ ያጣል፤ ባትሪ ያልቃል፤ 999 መደወል የማይቻልበት ቦታ ይኖራል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት የመንገዱ ካርታ፣ የየምሽቱ ማረፊያና የመድረሻው ሰዓት በወረቀት ተጽፎ በቤት ለሚቀር ሰው መሰጠት አለበት። ያ ሰው በተባለው ሰዓት ጥሪ ካልደረሰው ምን እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚደውልና እስከ መቼ እንደሚጠብቅ አብሮ ይጻፍለታል። የሳምንታት ጉዞ ለማቀድ የሚቀመጥ ሰው የጫማውን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ማታ ካሰብኩት ቦታ ባልደርስ፣ መቅረቴን የሚያውቅና ሊፈልገኝ የሚነሣ ሰው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ስም ያለው መልስ እስኪገኝ ድረስ ጉዞው ገና አልታቀደም።